የሊበን ሜዳ ፋይል የት ነው?

ስለ ሊበን ሜዳ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከነገሌ ቦረና መውጣት አለበት። የሜዳው ብርቅዬ ወፍ ናሙና ፓሪስ ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ገንዘብ የሚያስከፍል መጽሔት ውስጥ ተቀምጧል። ካርታውማ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከባለሙያው ጋር አብሮ ሄዷል። ሜዳው ራሱ ግን የትም አልሄደም፤ ከነገሌ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቦጎልማዮ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ቁርሱን በልቶ ሄዶ ምሳ ሳይደርስ ይመለሳል። መሬቱ እዚህ፣ ከብቱ እዚህ፣ ወፏ እዚህ፣ የሚያርሰውም የሚያግጠውም እዚህ ሆኖ ሳለ እውቀቱ ብቻ ለምን ስደተኛ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንግዲህ በጨዋነት መጠየቅ ሰልችቶኛል።

ነገሩን ከወፏ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1968 ክሪስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ ሊቅ ነገሌ አጠገብ አንዲት ትንሽ፣ ሣር የመሰለች ወፍ አገኘ። በ1975 ለሳይንስ አዲስ መሆኗን በፈረንሳይኛ መጽሔት አሳወቀ፤ በጊዜው በነበረው ጠቅላይ ግዛት ስም የሲዳሞ ወፍ አላት። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። ሣሩ ካጠረ እንቁላሏ ይጋለጣል፣ ሣሩ ከጠፋ እሷም የለችም። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት በሜዳው የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ90 እስከ 256 እንደሚሆኑ ገመቱ። መኖሪያቸው ሠላሳ ምናምን ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በተመሳሳይ መስመር እየተመላለሱ ሲቆጥሩም ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥሯ በ40 በመቶ ቀንሶ አገኙት። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህች ወፍ ከአፍሪካ ዋና ምድር በመጥፋት የመጀመሪያዋ ልትሆን ትችላለች ይላል። በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ተሰጣት።

ይህ ዜና ለንደን ገብቷል፣ የካምብሪጅ ሰዎች ሰምተውታል፣ የዓለም የወፍ ወዳጅ ሁሉ አዝኗል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሜዳው ላይ ለበቆሎ መሬት ለክቶ የሚሰጠው የወረዳ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል ወይ? ያ ባለሙያ ክፉ ሰው አይደለም። ጂፒኤስ አለው፣ የማመልከቻ ክምር አለው፣ አለቃው ይቆጣዋል፣ ሥራ አጥ ወጣት በሩ ላይ ተሰልፏል። የሌለው ነገር ቢኖር «ከዚህ ነጥብ እስከዚህ ነጥብ ያለው ሣር ለመጥፋት የተቃረበች ወፍ መኖሪያ ነው» የሚል፣ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ሳንሰጠው ስለ ኅብረተሰቡ «የግንዛቤ እጥረት» በየስብሰባው እንናገራለን። ግንዛቤ ያጠረው እሱ ሳይሆን ያወቀውን ይዞ የሄደው ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ሜዳው የተሠራ አንድ ጥናት ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሌላውም ከዚያ የተለየ አይደለም። «ጥናቱ አለ» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። «ግን እገሌ ላፕቶፕ ላይ ነው።» እገሌስ የት አለ? «ለቀቀ፣ ሌላ ፕሮጀክት ገባ።» ላፕቶፑስ? «የፕሮጀክቱ ስለነበር ተመልሷል።» የታተመ ቅጂስ? እዚያ የምትሠራ ልጅ ቁም ሳጥኑን ከፈተችልኝ፤ ውስጡ የዐውደ ጥናት ቦርሳ፣ የኮፍያ ካርቶንና መፈክር የተጻፈበት ቲሸርት ነበር። ቲሸርቱን ልትሰጠኝ ፈለገች።

ይህን ስጽፍ ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ትዝ ይለኛል። ጣሊያናዊ አሳሽ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡቡን ሲዞር ቀይ ክንፍ ያለው፣ አናቱ የነጣ አንድ የሚያምር ቱራኮ አድኖ ቆዳውን አስቀመጠ። የት እንዳገኘው ግን አልጻፈም። በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ቆዳው ጣሊያን ደረሰ፤ በ1896 ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በሟቹ ስም ሰየመው። ከዚያ በኋላ የሳይንስ ዓለም ወፉ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዛዊው ቤንሰን አሬሮ ጫካ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ ማለት ነው። ለአሬሮ ሰው ግን ወፉ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ በየማለዳው ከዋንዛና ከጽድ ቅርንጫፍ ላይ ሲጮህ ይሰማው ነበር። የጠፋው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ የቦታ ስምና ቀን የተጻፈባት።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ነጭ ሳር ፓርክ ላይ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአጥኚዎች ቡድን መንገድ ላይ ተገጭቶ የሞተ፣ ናይትጃር የሚባል በሌሊት የሚያድን ወፍ አገኘ። ከአካሉ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ቦታውንና ቀኑን ግን በሥርዓት መዘገቡ። በዚያች አንዲት ክንፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተጻፈ፤ አሁንም ሰዎች የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። ሙሉ ወፍ ያለ ማስታወሻ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲያንከራትት፣ አንድ ክንፍ ከነማስታወሻው አገር አሳወቀ። እኛ ከሩስፖሊ ወገን ነን። ልዩነታችን የኛን ባለሙያ ዝሆን ሳይሆን የሥራ ማስታወቂያ መውሰዱ ነው።

የቢሮክራሲውን ነገር ደግሞ ማን ይናገረዋል? ነገሌ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ከዚያ ቦረና ዞን መጣ፣ ከዚያ ጉጂ ዞን መጣ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ምሥራቅ ቦረና ዞን ተቋቋመ። ስለ ዞኑ ጭቅጭቅ ዛሬ አልጽፍም፤ የራሱ አዋቂ አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ማኅደሩ ነው። ማኅተም በተቀየረ ቁጥር ወንበር ይጓዛል፣ መኪና ይከፋፈላል፣ ሠራተኛ ይመደባል። የግጦሽ መሬት ጥናት፣ የዱር እንስሳት ቆጠራ፣ የዕጣንና የሙጫ ዛፍ ዝርዝር ያለበት ሣጥን ግን ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ርክክብ የፈረመ ሰው አለ? ወንበር የተረከበ ሰውማ ሞልቷል። ከዚህም በላይ ሊበን የሚለው ስም ራሱ በሁለት ክልል ውስጥ አለ፤ ሊበን ወረዳ ኦሮሚያ ነው፣ ሊበን ዞን ሶማሌ ክልል ነው። ወፏም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት የነገሌዋ ወፍና በጅግጅጋ አካባቢ የምትገኘው፣ ቀድሞ በሶማሌላንድ የታወቀችው ወፍ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። እንግዲህ ይህች ወፍ ልትተርፍ የምትችልባቸው ሁለት ሜዳዎች በሁለት ክልሎች ቢሮዎች እጅ ናቸው። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አብረው ቁጥር የሚጽፉበት ቀን መቼ ይሆን?

ያቤሎ ያለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የምትኖር፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነች ግራጫ ቁራ አለች። እ.ኤ.አ. በ1938 ሳይንስ ሲመዘግባት ኤዶአርዶ ዛቫታሪ ለተባለ ጣሊያናዊ ክብር ተሰየመች። ሰውዬው በዚያው ዓመት የፋሽስቱን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት ምሁራን አንዱ ነው። ይህን የማነሳው ስሙ ይለወጥ ብዬ አይደለም፤ በእናንተ ደጅ ያለውን ነገር እናንተ ካልመዘገባችሁት ማን እንደሚመዘግበው ልብ እንድትሉ ነው። ይህችን ቁራ የሚያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ደግሞ አስደናቂ ነው። የምትኖርበት አካባቢ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል እሷ የለችም። አገር ከሞቀ የምትሄድበት የላትም ማለት ነው። ያቤሎ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ይህን ከመጽሐፉ ያነበበው ይመስላችኋል? ከመስኮቱ ውጭ ግራር ላይ ተቀምጣ እያያት ስለ ፔንግዊን ይማራል።

አንዳንዱ «አርብቶ አደሩ መረጃ መያዝ ስለማይችል ነው» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈልቷል። ቦረና ከመረጃ ሌላ ምን አለውና ነው በዚህ ምድር ላይ የኖረው? የቱላ ጉድጓዶችን ሄዶ ይይ። እያንዳንዱ ኤላ፣ ማለትም ጉድጓድ፣ አባ ኮንፊ አለው፤ የጎሳውን መብት የሚጠብቅ። አባ ሄሬጋ አለው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብር። ማን መጣ፣ ስንት አመጣ፣ መቼ ጠጣ የሚለውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ማንም ሰው «ቁጥሩ የኔ ፕሮጀክት ነው» ብሎ ይዞት አይሄድም። ግጦሽ ሊፈለግ ሲል አቡሩ የሚባሉ ቃኚዎች ቀድመው ይላካሉ፤ ሣሩን፣ ውሃውን፣ በሽታውን፣ ጠላቱን አይተው ተመልሰው ለሰፈሩ ይናገራሉ። አይቶ መጥቶ ዝም ያለ አቡሩ አይታሰብም። በስምንት ዓመት አንዴ ደግሞ ጉሚ ጋዮ የሚባለው የቦረና ጉባኤ ይሰበሰባል፤ ሕጉ እንደገና ይሰማል፣ ይታረማል፣ ሁሉም ሰምቶ ይበተናል። የአዲስ አበባው ሰው ስለ «መረጃ አያያዝና ልውውጥ» የሚሰጠውን ሥልጠና አንድ ቀን እነዚህ ሽማግሌዎች ቢሰጡት ሳይሻል አይቀርም።

ደግሞ ሽማግሌዎቹ ያልተናገሩት ነገር የለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መንግሥት ሣር ማቃጠልን ከለከለ። ቦረና ግን እሳትን የሚያውቀው በልክ ነው፤ ቁጥቋጦን የሚገታበት፣ መዥገርን የሚያጠፋበት፣ ለአዲስ ሣር ቦታ የሚሰጥበት ነው። ከክልከላው በኋላ ፉሌሳውና ሌላው እሾህ ሜዳውን እየዋጠ ሄደ። የዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ እንለው የነበረው፣ በ1980ዎቹ እዚያው ቦረና ተቀምጦ አጥንቷል፤ ሌይን ኮፖክ በ1994 ያወጣው ትልቅ መጽሐፍ የክልከላውንም የቁጥቋጦውንም ነገር መዝግቦታል። እንግዲህ ሰዎቹ ተናግረዋል፣ ሳይንሱ ጽፏል። መጽሐፉ ግን ሜዳው ላይ ያሉ ሰዎች በማያነቡት ቋንቋ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ «አባ፣ ይህ ቁጥቋጦ ከመቼ ወዲህ ነው?» ስላቸው ቀና ብለው አይተውኝ «እሳት ከከለከሉን ወዲህ ነዋ። ነግረናቸው ነበር። አንተም ጻፈውና ውሰደው፣ ልጄ፣ እንደነሱ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ድርቁ በመጣ ጊዜ ይህ ነገር ወደ ግፍ ተለወጠ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ሲቀር፣ ቦረና ከብቱን በየመንገዱ ዳር ጥሎ ሲቀመጥ፣ በየሳምንቱ አዲስ መጠይቅ የያዘ ወጣት ይመጣ ነበር። ስንት ከብት ሞተብዎ? ስንት ቀረዎት? ውሃው ምን ያህል ይርቃል? ለእያንዳንዱ ድርጅት የየራሱ መጠይቅ፣ የየራሱ ታብሌት፣ የየራሱ ዘገባ። ያው አንድ አባወራ ያንኑ ሐዘኑን ደጋግሞ ቆጠረ። ድርጅቶቹ እርስ በርስ አልተነጋገሩም፤ ሰውየውም ቁጥሩ ምን ሆኖ እንደቀረ አልሰማም። በዚያ ክፉ ቀን በየከሎው፣ ማለትም ለጥጃና ለደከመ ከብት በተከለለው ሣር ውስጥ፣ ምን ያህል እንደቀረ አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖር ስንት ውሳኔ ይስተካከል ነበር። በሊበን ሜዳ የተከለሉት ከሎዎች ደግሞ ድርብ ጥቅም አላቸው፤ ለከብቱ መኖ፣ ለወፏ ጎጆ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና ኤስኦኤስ ሳህል ከኅብረተሰቡ ጋር የሠሩት ይህን ነው፤ ማመስገን ያለብኝን አመሰግናለሁ። ሆኖም ከሎው ከተከለለ በኋላ ሣሩ ስንት ስንዝር እንደደረሰ፣ ወፏ ተመልሳ ስንት ጊዜ እንደታየች የሚያሳየው ቁጥር በየዓመቱ ነገሌ ላይ፣ ገበያ መሐል፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተለጥፎ ማየት እፈልጋለሁ። የበሬ ዋጋ ይለጠፍ የለም እንዴ?

«መረጃ ከተከፈተ ይሰረቃል» የሚሉኝ አሉ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ ጤፋችን ላይ የደረሰውን አይተናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት አወጣ፤ ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመው ስምምነትም አገሪቱ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ያ ፓተንት እንዴት ወደቀ? እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ሰረዘው። ሊቃወሙት የሚችሉ ሰዎች እጅ ላይ የነበረው መሣሪያ ነገሩ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። የተመዘገበና የታወቀ እውቀት ጋሻ ነው፤ በካዝና የተቆለፈው ግን ካዝናውን የሰበረው ሰው ንብረት ነው። የወፏ ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ነጥብ፣ የመድኃኒት ዛፍ ያለበትን ሸለቆ አደባባይ አውጡ አላልኩም፤ ያ ይሸፈን፣ የሽማግሌዎቹም ፈቃድ ይጠየቅ። ነገር ግን ምስጢርን ከቸልተኝነት ለይተን እንወቅ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቲሸርት ምስጢር አይደለም።

ደግሞስ ከማን ነው የምንደብቀው? ከአውሮፓ የሚመጣው ወፍ ተመልካች ሊበን ሜዳ ቆሞ ያየውን፣ ማታ ሆቴሉ ኔትወርክ ካገኘ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኢበርድ መዝገብ ላይ ይጭነዋል። ቁጥሩ ኒው ዮርክ ግዛት ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም፤ ነገሌ ውስጥ ከሆቴሉ ተነሥቶ ወረዳው ድረስ ለመሄድ ግን ዓመታት አነሱት። ዓለም ስለ ሜዳችን የሚያውቀውን እኛ ሳናውቅ ሉዓላዊነት የሚለውን ቃል ባንጠራው ይሻላል።

ሕግ የለም የሚል ደግሞ ይስማኝ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ የወሰደ ሁሉ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ በኩንሚንግ ሞንትሪያል ስምምነት ኢላማ 21 ሥር የተሻለው መረጃ ለሚወስነውም ለሕዝቡም እንዲደርስ ከዓለም ጋር ተስማምታለች። ሁሉም መልካም። ግን እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች አዲስ አበባ ደርሰው ይቆማሉ። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር ነገሌ የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር ስለ ምግቡና ስለ ውሃው ያቀረበው አቤቱታ ሰሚ ሲያጣ እንዴት እንዳመፀ የዚህ አገር ታሪክ ያውቃል። ከዚህ ከተማ ወደ ላይ የሚወጣው ቃል አይሰማም፣ ከላይም ወደዚህ የሚወርደው አይደርስም፤ ይህ በሽታ ከወፏ ግኝት ጋር እኩያ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በዚህ ቆላ ምድር ላይ ወፍም ሣርም ዛፍም ሊያጠና የሚመጣ ሰው፣ ኢትዮጵያዊም ሆነ የውጭ ዜጋ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጻፍለት ሁለት መስመር ይጨመርበት። ጥሬ ቁጥሩን ከነቦታውና ከነቀኑ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ያስቀምጣል። ከዚያም ያገኘውን በአንድ ገጽ ኦሮምኛና በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ሜዳው ላይ ላሉ ሽማግሌዎች ያነብባል። ያላደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ አያገኝም። ቅጂዎቹ አንድ ቦታ አይቀመጡ፤ ነገሌ አንድ፣ ያቤሎ ያለው የአርብቶ አደርና የቆላ ግብርና ምርምር ማዕከል አንድ፣ ቦረና ዩኒቨርሲቲ ወይም ቡሌ ሆራ አንድ ይኑር። ዞን ሲቀየር ሣጥኑ በርክክብ ዝርዝር ላይ ከወንበሩ በፊት ይጻፍ። ኃላፊውም ጊዜያዊ የፕሮጀክት ቅጥረኛ ሳይሆን ጡረታ የሚወጣበት የመንግሥት ሠራተኛ ይሁን፤ የመዛግብት ባለሙያ የሚባል መደብ አለ፣ ይቀጠርበት።

በጀት የለም የሚል ባለሥልጣን እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይነሣ። ለባለፈው ዓመት የብዝኃ ሕይወት ዐውደ ጥናት የተከፈለውን የአበልና የአዳራሽ ኪራይ ዝርዝር በእጁ ይዞ ይምጣና በዚያው ወረቀት ላይ እናስላ።